የኮሌጅ ግቢ ጉብኝት፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች

አገር ቤት የተማረ ወላጅ ዩኒቨርሲቲውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ብዙውን ጊዜ ሻንጣውን ተሸክሞ የገባ ዕለት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይመጣል፣ ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። ጅማ፣ ጎንደር ወይም ሐረማያ የደረሰው ልጅ ስንቁን ቋጥሮ አውቶቡስ ይሳፈራል። አሜሪካ ውስጥ ግን ምደባ የሚባል ነገር የለም። ተማሪው ለበርካታ ኮሌጆች ያመለክታል፣ ከተቀበሉት መካከል ይመርጣል። ለዚህም ሲባል ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ግቢዎቹን ከቤተሰቡ ጋር ዞሮ ማየት የተለመደ ነው።

ይህ ልማድ ለብዙ ወላጆቻችን እንግዳ ነው። ፈረቃ አስቀይሮ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሦስትና አራት ሰዓት ነድቶ ሕንፃ ማየት ቅንጦት ይመስላል። ሳያዩ መወሰን የሚያስከትለውን ግን በማኅበረሰባችን ውስጥ እያየነው ነው። አንዱ ልጅ በስሙ ብቻ የመረጠው ግቢ ይገባና የሚሰግድበት ቦታና አብሮት የሚሰግድ ሰው አጥቶ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ይዝላል። አንዷ ልጅ ደግሞ ጥሩ ስኮላርሺፕ አግኝታ ሳለ፣ ቤተሰቡ ቦታውን አይቶት ስለማያውቅ ብቻ "ሩቅ ነው፣ አይሆንም" ተብላ ትቀራለች። ሁለቱም ውሳኔዎች በግምት የተወሰኑ ናቸው። ኢስቲኻራ ልንሰግድ ስንነሣ የሚጣራውን ማጣራት፣ የሚያውቅን ማማከር የእኛ ድርሻ ነው፤ ጉብኝቱም የዚያ አንዱ ክፍል ነው።

የአድሚሽን ቢሮ የሚያዘጋጀው ጉብኝት በየትም ቦታ ተመሳሳይ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ገለጻ ይሰጣል፣ ከዚያ አንድ ተማሪ እየመራ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስጎበኛል። ክፍያ የለውም፤ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ አስቀድሞ መመዝገብ ይበቃል። አስጎብኚው ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ስፖርት ማዕከሉና ስለ ኳስ ቡድኑ በደንብ ሠልጥኗል። ዙሁር የት እንደሚሰገድ፣ ሱሑር የት እንደሚበላ፣ ብድር አልወስድም ያለ ተማሪ ክፍያውን በምን እንደሚሸፍን ግን አልሠለጠነም። ስለዚህ ይፋዊውን ጉብኝት የቀኑ ግማሽ ብቻ አድርጋችሁ ያዙት። ሌላውን ግማሽ ራሳችሁ አቅዱት፣ ዕቅዱም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሁን፦ ልጃችን እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ተራ ማክሰኞን ከፈጅር እስከ ዒሻእ እንዴት ያሳልፋል?

መቼ እንሂድ?

ዋናው ወቅት የ11ኛ ክፍል ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የ12ኛ ክፍል መጀመሪያም ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ማመልከቻና ድርሰት ስለሚደራረብ ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሦስተኛው ዕድል ኮሌጆቹ መልስ ከሰጡ በኋላ፣ በኤፕሪል፣ ለተቀበሏቸው ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ቀን ነው። አቅም የሚፈቅደው አንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ በእጅ ያለን ቅበላና የገንዘብ ደብዳቤ ይዞ መሄድ ጥያቄውን ሁሉ ተጨባጭ ያደርገዋል።

ቅዳሜና እሑድ ለወላጅ ይመቻል፤ ግቢው ግን ባዶ ነው። ሰመር ላይ ደግሞ ሣሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ተማሪ ግን የለም። የምታዩት ትምህርት ያለበት ቀን ይሁን፤ ከተቻለም ዓርብ። ዓርብ የሄደ ቤተሰብ ጁሙዓውን እዚያው ይሰግዳል። ኹጥባውን ማን እንደሚያደርግ፣ ስንት ተማሪ እንደሚመጣ፣ ለሴቶች የተዘጋጀው ቦታ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያያል። አንድ ጁሙዓ ከአሥር ብሮሹር ይበልጣል። ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለኮሌጅ ጉብኝት የቀረን ተማሪ በፈቃድ እንደቀረ ይቆጥሩለታል፤ ካውንስለሩን አስቀድሞ መጠየቅና የሚፈለገውን ወረቀት መያዝ ነው።

የትምህርት ቤቶች የፀደይ ዕረፍት ብዙ ጊዜ በማርች ወይም በኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ስለሚውል አሜሪካውያን ቤተሰቦች የሚዞሩት ያን ጊዜ ነው። ረመዷን በ2024 እና በ2025 በአመዛኙ ማርች ላይ ነበር፤ በየዓመቱ በ10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ወደ ፌብሩዋሪ እየገባ ነው። ጾም ይዞ ኮረብታ መውጣትና መውረድ ይከብዳል ብሎ መተው ይቻላል። እኔ ግን አንዱን ጉብኝት በረመዷን ማድረግ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ግቢው ለጾመኛ ተማሪ ምን እንደሚያደርግ የሚታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበሩም ኢፍጣር ካለው እንግዳ አይመልስም።

ሶላት፣ ጁሙዓና የብርዱ ወራት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። (ሰዓቶቹ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።) ጉብኝቱ በኤፕሪል መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ላይ ነው እንበል። ዙሁር ከ1፡10 በኋላ ይገባል፣ መግሪብ ከ8፡00 በኋላ ነው። በትምህርት ሰዓት ላይ የሚወድቀው ዙሁር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ያው ተማሪ በዲሴምበር ሲገኝ ፀሐይ የምትጠልቀው 4፡30 ገደማ ነው። ዙሁር፣ ዐስርና መግሪብ ሦስቱም ከ12፡10 እስከ ማምሻው ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨመቃሉ፤ ላብራቶሪ ያለበት ተማሪ ሦስቱንም በክፍለ ጊዜ መካከል መስገድ ይኖርበታል። ሲያትል ላይ ፀሐይ ከዚህም ቀድማ ትጠልቃለች። ስለዚህ የሶላት ቦታውን ስታዩ "አለ ወይስ የለም" ብላችሁ አትለፉት። ከሳይንስ ሕንፃው እስከ ሶላት ክፍሉ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ልጁ ራሱ ሰዓት ይዞ ይራመደው። አሥር ደቂቃ ሄዶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ሰግዶ፣ አሥር ደቂቃ መመለስ በበረዶ ላይ ሌላ ጉዳይ ነው። ክፍሉ በተማሪ መታወቂያ የሚከፈት መሆኑን፣ በምሽትና በፈተና ሳምንት ክፍት ስለመሆኑም ጠይቁ።

ውዱእ የሚደረግበት ቦታ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በ2007 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዲርቦርን ግቢ የእግር መታጠቢያ ለመትከል ማቀዱ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ዛሬ እንዲህ ዓይነት መታጠቢያ ያላቸው ግቢዎች አሉ፤ በሌሎቹ ልጁ እግሩን ሲንክ ላይ አውጥቶ መታጠብ ይኖርበታል። ሲንኩ ሊከለክለው አይገባም፤ ነገር ግን ከመግባቱ በፊት ቢያውቀው ይሻላል።

በሃይማኖት ተቋም ስም የሚጠራ ኮሌጅን ገና በስሙ አትሰርዙት። ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ጆርጅታውን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሆኖም በ1999 የሙሉ ጊዜ ሙስሊም ቻፕሊን በመቅጠር በአሜሪካ የመጀመሪያው ሆኗል። በግቢው ያለውና በ2023 የተመረቀው መስጂድ በያሮው ማሙት ስም ተሰይሟል፤ ይህ ሰው ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተወስዶ መጥቶ በ1796 ነፃ የወጣና በዚያው ሠፈር ቤት የገዛ ሙስሊም ነበር። ቻፕሊን ያለበት ግቢ ከሆነ ከጉብኝቱ በፊት ኢሜይል ላኩና አሥራ አምስት ደቂቃ ለምኑ። ቻፕሊን በሌለበት ደግሞ በኤም ኤስ ኤ አህጽሮት የሚታወቀው የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር አለ። የማኅበሩ አገር አቀፍ ድርጅት በ1963 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ ወዲህ በአሜሪካ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ቅርንጫፍ ወይም ተመሳሳይ ማኅበር ይገኛል። ጥንካሬያቸው ግን እኩል አይደለም። አንዱ በየቀኑ ጀማዓ ይሰግዳል፣ ሌላው በዓመት አንድ ጊዜ ኢፍጣር አዘጋጅቶ ይበተናል። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ድረ ገጹ ሳይሆን አባሉ ነው። በአንዳንድ ግቢዎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበርም ስላለ እነሱንም አግኙ።

ጁሙዓንና ዒድን በተመለከተ ኮሌጁ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ እንዳለው ጠይቁ። በዋሽንግተን ስቴት በ2019 የወጣ ሕግ የስቴቱ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በሃይማኖት ምክንያት ለሚቀር ተማሪ አመቺ ሁኔታ እንዲፈጥሩ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ስቴት ውሳኔው በኮሌጁ፣ አንዳንዴም በመምህሩ እጅ ነው። "ዒድ ቀን ፈተና ቢውል ምን ይደረጋል?" የሚለውን ጥያቄ በገለጻው ላይ በሁሉም ፊት መጠየቅ ነውር የለበትም።

ምግብና ዶርም

ካፊቴሪያው "ሐላል አለን" ሲል ሥጋው ከየት እንደሚመጣ፣ የሚጠበሰው የአሳማ ሥጋ በሚጠበስበት ምድጃ ላይ መሆን አለመሆኑን፣ በየቀኑ ወይስ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው እዚያው ምሳ መብላት ነው፤ አንዳንድ አድሚሽን ቢሮዎች ለጎብኚ ተማሪ የምሳ ኩፖን ስለሚሰጡ ጠይቁ። በረመዷን ካፊቴሪያው ከሱሑር በፊት ላይከፈት ይችላል፤ ካልተከፈተ ማታ በሳጥን ይዞ መሄድ ይፈቀዳል ወይ ነው ጥያቄው። ብዙ ኮሌጆች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዶርም እንዲያድርና የምግብ ፕላን እንዲገዛ ያስገድዳሉ። ወላጆቹ በቅርብ ርቀት የሚኖሩ ከሆነ ግን ብዙዎቹ ከዚህ ነፃ ያደርጋሉ፤ ይህ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ልዩነት ነው።

ዶርሙን በተመለከተ ወላጆች በቁጣ ሳይሆን በዝርዝር ቢጠይቁ የበለጠ ያገኛሉ። ወንድና ሴት በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ፎቅ ወይስ ጎን ለጎን ክፍል ነው የሚያድሩት? መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው? ለሴቶች ብቻ የተለየ ፎቅ አለ? ካለ ማመልከቻው መቼ ይዘጋል? እንዲህ ዓይነት ፎቆች ቶሎ ስለሚሞሉ ቀኑን ማወቅ ግድ ነው። ኮሌጁ ለጎብኚ ተማሪ አዳር የሚፈቅድ ከሆነ ልጃችሁ ከኤም ኤስ ኤ እኅቶች ጋር እንድታድር ጠይቁ። በነገራችን ላይ እንደ ኤም አይ ቲ እና ኮርኔል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ዋና እንዲችል ወይም ትምህርቱን እንዲወስድ ይጠይቃሉ። ይህን ቀድማ የሰማች ተማሪ ለሴቶች ብቻ የተመደበ ሰዓት መኖሩን ትጠይቃለች፤ ዘግይታ የሰማች ትደነግጣለች።

የገንዘቡ ቢሮ

ብዙ ቤተሰብ ጉብኝቱን ሲጨርስ ሳይገባበት የሚመለሰው ቢሮ ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን መግባት ያለባችሁ እዚህ ነው። ከጉዞው በፊት ሁለት ነገር ቤት ውስጥ ይሠራል። አንደኛው፣ ከ2011 ጀምሮ ኮሌጆች በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያስቀምጡ በፌደራል ሕግ የተገደዱበት የክፍያ ማስያ ነው፤ የቤተሰቡን ገቢ ስታስገቡ የምትከፍሉትን በግምት ይነግራችኋል። በብሮሹሩ ላይ ያለው ዋጋና ይህ ቁጥር የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ሁለተኛው ፋፍሳ ነው፤ መሙላቱ ነፃ ነው፣ ግሪን ካርድ ያለውም እንደ ዜጋው ይሞላል። "በዲቪ የመጣን ሰዎች አይመለከተንም" የሚል ወሬ አትስሙ።

የኮሌጁ የገንዘብ ደብዳቤ ሲመጣ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ዓምድ ደምሮ ያቀርባል። ግራንትና ስኮላርሺፕ የማይመለስ ነው፤ ፔል ግራንት የሚባለው የፌደራል ድጋፍ ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው። ሦስተኛው ብድር ነው። "ሰብሲዳይዝድ" የሚለው ቃል ብዙዎችን ያሳስታል፤ በትምህርት ላይ እያለ ወለዱን መንግሥት ይሸፍናል ማለት እንጂ ብድሩ ወለድ የለውም ማለት አይደለም። ተማሪው ከጨረሰ በኋላ ወለዱ ይቆጠርበታል። በወላጁ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከፌደራል መንግሥት ሊበደር የሚችለው እስከ 5,500 ዶላር ነው። ደብዳቤው ላይ "ድጋፍ" ተብሎ ከተደመረው ውስጥ ያን ያህሉ ሪባ ያለበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በወለድ ብድር ጉዳይ ላይ ስለ አስገዳጅ ሁኔታ ዑለማዎች የሚሉትን እዚህ አልዘረዝርም፤ የቤታችሁን ሁኔታ ይዛችሁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ነገር ግን "አስገዳጅ ነው" ከማለት በፊት ሌላ በር አለመኖሩን ማረጋገጥ ይቀድማል፤ በሮቹም ያሉት እዚሁ ቢሮ ነው። ተማሪው እንዲህ ይበል፦ "በእምነቴ ምክንያት ወለድ ያለበት ብድር አልወስድም። የሚጎድለውን በምን ልሸፍን እችላለሁ?" ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት የሰሙ ቢሮዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙ ኮሌጆች የሴሚስተሩን ክፍያ በየወሩ ከፋፍሎ ያለ ወለድ የመክፈል አሠራር አላቸው፤ የሚጠይቁት አነስተኛ የመመዝገቢያ ክፍያ ነው። ኤ ኮንቲኒውየስ ቻሪቲ የተባለው ድርጅትም ለሙስሊም ተማሪዎች ያለ ወለድ ያበድራል። ጥቂት ባለጸጋ ኮሌጆች ደግሞ ብድርን ከድጋፋቸው ጭራሽ አውጥተዋል፤ በዚህ ፕሪንስተን በ2001 ቀዳሚ ሆነ። መግባቱ ከባድ ነው፤ ለገባ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ግን ከሠፈሩ ኮሌጅ ሊረክስ ይችላል። ስኮላርሺፑ ለአራት ዓመት የሚቀጥል መሆኑንና ምን ያህል ነጥብ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ሳትጠይቁ ከቢሮው አትውጡ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን "ለመጎብኘት" የሚያስብ የለም፤ ሊጎበኝ ግን ይገባዋል። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ተማሪ በኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ በአድቫንስ ፕሮግራም ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይችላል። እዚያ ስትሄዱ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ የትኞቹ ኮርሶች ይሻገራሉ፣ የዝውውር አማካሪው ማን ነው፣ በስንት ዓመት ይጨርሳል። በሚኒሶታ ደግሞ ከ2024 መኸር ጀምሮ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ የተባለው ፕሮግራም ዓመታዊ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ የስቴቱ ነዋሪ ቤተሰቦች በመንግሥት ኮሌጆች ከሌሎች ግራንቶች የተረፈውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

ማን ይጠይቅ?

ልጁ። ይህን አጥብቄ የምለው መምህር ስለነበርኩ ነው። አባት ጠያቂ፣ ልጅ ስልኩን ተመልካች የሆነበት ጉብኝት ማንንም አይጠቅምም። ከጉዞው በፊት ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመካከር፣ ጥያቄዎቹ ይከፋፈሉ። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሶላቱ፣ ስለ ዶርሙ ልጁ ወይም ልጅቷ ይጠይቁ፤ ስለ ገንዘቡ ወላጅ ይግባ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ማቅረብ ይችሉ እንደሆነ ቢሮውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የገንዘብ ጉዳይን በልጅ አፍ ማስተርጎም ጥሩ አይደለም፣ ልጁ ወላጁን ላለማሳፈር ግማሹን ይውጠዋል። ከዚያ በሶላት ክፍሉና በካፊቴሪያው ለግማሽ ሰዓት ያህል ልጁን ከተማሪዎቹ ጋር ብቻውን ተዉት። እናንተ ፊት የማይነገር ነገር አለ።

አንድ ክፍል ገብቶ ማዳመጥ የሚቻል ከሆነ ልጁ ሊማረው ያሰበውን ይምረጥ። እስላማዊ ጥናት ለሚያስቡ ተማሪዎች ይህ በተለይ ይመከራል። በዓለማዊ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው እስላማዊ ጥናት ኢስላምን ከውጭ ሆኖ እንደ ታሪክና እንደ ጽሑፍ ይመረምራል፤ ከመስጂድ ደርስ ጋር አንድ የሚመስለው ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ግራ ይጋባል። በሙስሊሞች የተመሠረተና በ2015 ዕውቅና ያገኘው የካሊፎርኒያው ዘይቱና ኮሌጅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ሁለቱም ቦታቸው አላቸው፤ የትኛውን እንደፈለገ ሳያውቅ የሚገባ ተማሪ ግን ጊዜውን ያባክናል።

መንገዱ ሲርቅ

የአውሮፕላን ቲኬት ለሁለት ሰው ከባድ ነው። በርካታ ኮሌጆች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትራንስፖርቱንና ማደሪያውን ራሳቸው ሸፍነው የሚጋብዙበት ፕሮግራም አላቸው፤ ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ሰመር ላይ ወይም በመኸር መጀመሪያ ስለሚዘጋ በ11ኛ ክፍል መጨረሻ መፈለግ መጀመር ነው። ልጅቷ ብቻዋን እንድትሄድ የማይፈቅድ ቤተሰብ ወላጅ አብሮ መምጣት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ይህ ካልሆነ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ገለጻ በስማችሁ ተመዝግባችሁ ተከታተሉ። አንዳንድ ኮሌጆች አመልካቹ ፍላጎት ማሳየቱን ይመዘግባሉ፣ ይህም ይቆጠርለታል። ኤም አይ ቲ እና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ግን ይህን ከግምት ስለማያስገቡ፣ ለእነሱ ሲባል ብቻ መብረር አያስፈልግም። የኤም ኤስ ኤ አባል የሆነ ተማሪ በቪዲዮ ስልክ ደውሎ ሶላት ክፍሉን እንዲያሳያችሁ መጠየቅም ይቻላል።

በአንድ ቀን ከሁለት ግቢ በላይ አትያዙ፤ ሦስተኛው ላይ ሁሉም አንድ ይመስላል። መኪና ውስጥ እንደገባችሁ፣ ገና ከማውራታችሁ በፊት፣ ልጁ ያየውን በስልኩ ይጻፍ፦ ስንት ደቂቃ ተራመደ፣ ማንን አናገረ፣ ያልተመለሰለት ጥያቄ የትኛው ነው። ወላጅ አስተያየቱን ከዚያ በኋላ ይስጥ። ያልተመለሰው ጥያቄ በሳምንቱ በኢሜይል ይላክ፣ መልሱም ይቀመጥ፤ የዶርምና የዒድ ጉዳይ ላይ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ በኋላ ያስፈልጋል። ለብዙ ኮሌጆች የመጨረሻ ምርጫ የሚታወቅበት ቀን ሜይ 1 ሲሆን፣ በዚያ ቀን የሚጠየቀውን መያዣ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ከቀኑ በፊት ጽፎ ምሕረት መጠየቅ ይችላል፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።